ለስፖርት ሞተር ሳይክል ጎማ ስንመርጥ ምን እንይ?

እኛ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ሁለት ሦስት ሆነን ስንቀመጥ ወሬያችን ሁሌም ስለ ኢንጅን ነው። ስንት ሲሲ ነው? ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? እንዴት ነው የሚፈተለከው? ይባላል። ስለ ጎማ የሚያነሳ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጎማ የሚታሰበን ሲተነፍስ ወይም ሊሾ ሲሆን ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለስፖርት ሞተር ሳይክል ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ በክፍል ከተማርነውና በጎሚስታ ቤት ካየሁት አዋህጄ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ለአነጋገር እንዲመቸኝ «ሞተር» ስል ሞተር ሳይክሉን ማለቴ ነው፤ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል «ኢንጅን» እለዋለሁ።

ሐሳቤን ከወዲሁ በአጭሩ ላስቀምጥ። ጎማ የሚመረጠው በውፍረቱ ወይም «የሬስ ነው» በመባሉ ሳይሆን በሚሄድበት መንገድ፣ በሚሸከመው ክብደትና በጎኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ማንበብ የማይችል ገዢ ሻጩ ያለውን ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። ከታች እንደምናየው ደግሞ አንዷ ቁጥር በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አሳሳች ናት።

1. ጎማ መሬቱን የሚነካው ምን ያህል ነው?

ምሳሌ እንዲሆነን በከተሞቻችን የምናየውን የቲቪኤስ ኩባንያ አፓቼ አርቲአር 180 እንውሰድ። ይህ ሞተር ራሱ 139 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት ጠቅላላው 209 ኪሎ ይሆናል። ጎማዎቹ በ30 ፒኤስአይ ንፋስ ተሞልተዋል እንበል። ይህ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ነው። ክብደቱን ለግፊቱ ስናካፍል 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ለሁለት ጎማ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው።

50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ነው? የባንክ ኤቲኤም ካርዳችሁን አውጡና እዩት። 8.5 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 46 ይመጣል። እንግዲህ ሞተሩን መንገዱ ላይ የያዙት ሁለት የኤቲኤም ካርድ የሚያህሉ የላስቲክ ቁራጮች ናቸው። ፍሬን ስንይዝ፣ ነዳጅ ስንሰጥ፣ ኩርባ ላይ ስንጋደም ሥራው ሁሉ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ የጎማው አካል ራሱ ጥንካሬ ስላለው ጥቂት ክብደት ይሸከማል። ቢሆንም ነገሩን ለመረዳት ይበቃል።

መኪና አራት ጎማ አለው፤ አንዱ ቢንሸራተት ሦስቱ ይይዙታል። በሞተር ግን የፊተኛው ጎማ አንዴ ከከዳ ብዙውን ጊዜ ነጂው መሬት ላይ ነው። ለዚህ ነው የጎማ ምርጫ ከውበት በፊት የሕይወት ጉዳይ ነው የምለው።

2. በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

የአፓቼ 180 የፊት ጎማ መጠን 90/90-17፣ የኋላው 110/80-17 ነው። የኋላውን እንፍታው።

110 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 80 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ ሲሰላ ነው፤ የ110 ሰማንያ በመቶ 88 ሚሊሜትር ይሆናል። 17 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። በ80 እና በ17 መካከል ያለችው ሰረዝ ጎማው ክሮቹ ተሻግረው የተነጠፉበት፣ ባያስ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ትናገራለች። በሰረዟ ቦታ «አር» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ጎማው ራዲያል ነው። የራዲያል ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ያልፋሉ፤ በላያቸውም ቀበቶ የሚመስል ንጣፍ አለ። ራዲያል ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ብዙ ሙቀት አይፈጥርም፤ ስለዚህም ትልልቆቹ የስፖርት ሞተሮች የሚጠቀሙት እሱን ነው። አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር በአንድ ሞተር ላይ ራዲያልና ባያስ መቀላቀል አይገባም። ሁለቱ ዓይነቶች ሲጋደሙ ጠባያቸው ይለያያልና።

ከመጠኑ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ይመጣሉ፤ ለምሳሌ 57 እና «ፒ»። 57 የጭነት መለያ ነው፤ ጎማው እስከ 230 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። 49 ቢሆን 185 ኪሎ፣ 58 ቢሆን 236 ኪሎ፣ 73 ቢሆን 365 ኪሎ ነው። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም፤ በሠንጠረዥ የሚታይ ነው። ፊደሏ የፍጥነት መለያ ናት። «ፒ» በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር፣ «ኤስ» 180፣ «ኤች» 210፣ «ደብልዩ» 270 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

እነዚህን ይዘን ሒሳብ እንሥራ። 139 ኪሎ ሞተር፣ 70 ኪሎ ነጂ፣ 70 ኪሎ ተሳፋሪ፣ 20 ኪሎ ዕቃ ብንል 299 ኪሎ ይመጣል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሲኖር አብዛኛው ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል። 60 በመቶ ነው ብንል እንኳን የኋላው ጎማ 180 ኪሎ ይሸከማል። የጭነት መለያው 57 የሆነ ጎማ ይህን በምቾት ይችለዋል፤ 49 የሆነው ግን ጫፉ ላይ ደርሷል። በርካሽ ተገኘ ብሎ ከአምራቹ ያነሰ የጭነት መለያ መግዛት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። በተቃራኒው ይህ ሞተር 270 ኪሎ ሜትር አይሮጥምና «ደብልዩ» የሚል ጎማ ፍለጋ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም።

3. ወፍራም ጎማ ይሻላል ወይ?

ይህን ጥያቄ ከራሴ ቤት ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ አፓቼ 180 አለው። ሥራ የሚሄድበት እሱ ነው፤ ትንሿን እህታችንንም ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በዚያው ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የኋላ ጎማው ስላለቀ አዲስ ልንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩ ገና ሲያየን 140/70-17 የሚል ወፍራም ጎማ ከመደርደሪያ አወረደ። «ወንድሜ፣ ይሄ የሬስ ጎማ ነው፤ መሬት እንደ ማስቲካ ነው የሚይዝልህ» አለው። ወንድሜም ዓይኑ እዚያው ቀረ። እውነት ለመናገር ጎማው ያምራል።

ነገር ግን በመጀመሪያ ወፍራም ጎማ መሬት የሚነካበትን ስፋት ይጨምራል የሚለው ሐሳብ እንደሚመስለው አይደለም። ከላይ እንዳየነው ክብደቱና የንፋሱ ግፊት ካልተለወጡ መሬት የሚነካው ቦታ ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። በቀጭኑ ጎማ ቁመቱ ረዘም፣ ወርዱ ጠበብ ይላል፤ በወፍራሙ ደግሞ ወርዱ ሰፋ፣ ቁመቱ አጠር ይላል።

ሁለተኛው ነገር ቸርኬው ነው። 110/80-17 የሚለው ጎማ የተሠራው 2.50 ኢንች ገደማ ወርድ ላለው ቸርኬ ነው። 140/70-17 ደግሞ 4.00 ኢንች ገደማ ይፈልጋል። ሰፊው ጎማ በጠባብ ቸርኬ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ አናቱም ሾል ይላል። ያን ጊዜ ቀጥ ብለን ስንሄድ መሬት የሚነካው በመካከሉ ብቻ ስለሚሆን መካከሉ ቶሎ ያልቃል። ስንጋደም ደግሞ ጎማው የተሠራበት ክብ ቅርጽ ስለጠፋ ሞተሩ በእኩል ፍጥነት አይጋደምም፤ ድንገት ይወድቃል። ወፍራም ጎማ ይይዛል ብሎ የገዛ ሰው ያገኘው ተቃራኒውን ነው።

ሦስተኛው ቁመቱ ነው። የ110/80-17 ጠቅላላ ዲያሜትር 608 ሚሊሜትር፣ የ140/70-17 ደግሞ 628 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሦስት በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። የኋላው ከፍ ሲል የሞተሩ አቋቋም ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ለዳገት የሚያስፈልገው ጉልበትም ይቀንሳል። በስፋቱ ምክንያት ካቴናውን ወይም የጭቃ መከላከያውን ሊነካም ይችላል። የሁለቱን ጎማዎች ፍጥነት እያነጻጸረ የሚሠራ ኤቢኤስ ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ የተሰላበት ልኬት ተዛባ ማለት ነው።

«ታዲያ ትልልቆቹ የስፖርት ሞተሮች ለምን ወፍራም ጎማ አላቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያማሃ አር6 ከኋላ 180/55 የሆነ ራዲያል ጎማ ያስራል። ይህ ሞተር ግን ከ110 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፤ ቸርኬውም ለዚያ ጎማ የተሠራ ሰፊ ቸርኬ ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ሳይቀልጥ የሚያስተላልፍ ብዙ ላስቲክ ያስፈልገዋል። አፓቼ 180 ያለው ግን 17 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። የበሬ ቀንበር ለፍየል አይጫንም፤ መሐንዲሶቹም 110ን የመረጡት ላስቲክ አጥሯቸው አይደለም።

4. ለስላሳ ወይስ ጠንካራ ላስቲክ?

የጎማ ላስቲክ የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ ላስቲክ፣ ካርቦን ብላክ፣ ሲሊካ፣ ሰልፈርና ዘይት ተቀላቅለው የሚሠራ ነው። ለስላሳ ቅልቅል አስፋልቱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉብታዎች አቅፎ ስለሚይዝ አይንሸራተትም፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ግን መያዙ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ፋብሪካዎች በመካከል ጠንካራ፣ በጎንና በጎን ለስላሳ የሆነ ጎማ ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ የምንሄደው ቀጥ ብለን ስለሆነ መካከሉ ዕድሜ ያስፈልገዋል፤ ስንጋደም ግን ጎኑ መያዝ አለበት። ሲሊካ የበዛበት ቅልቅል በተለይ በእርጥብና በቀዝቃዛ መንገድ ይጠቅማል። ለደገኛ ከተሞቻችን ክረምት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለውድድር ሜዳ የሚሠራ ጎማ ሌላ ዓለም ነው። እንዲህ ያለው ጎማ በደንብ የሚይዘው በጣም ሲሞቅ ነው። ለዚህም ነው በውድድር ላይ ከመነሣታቸው በፊት ጎማውን በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ጠቅልለው የሚያሞቁት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በካፊያ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በትራፊክ መብራት እየቆመ የሚሄድ ሰው ያን ሙቀት መቼም አያገኘውም። ስለዚህ የሬስ ጎማ በከተማ መንገድ ላይ ከተራው ጎማ ያነሰ ሊይዝ ይችላል።

ስለ ጥርሱም አንድ ነገር ልበል። በደረቅ አስፋልት ላይ የሚይዘው ላስቲኩ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። የውድድር ጎማዎች በደረቅ ቀን ምንም ጥርስ የሌላቸው ለዚህ ነው። የጥርሱ ሥራ ውኃውን ከሥር ማስወጣት ነው። ዝናብ ሲጥል ተወዳዳሪዎቹ ገብተው ጥርስ ወዳለው ጎማ ይቀይራሉ። እኛ ግን ዝናብ መጣ ብለን መንገድ ዳር ቆመን ጎማ አንቀይርም። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ውኃ የሚያስወጣ በቂ ቦይ ያለው የመንገድ ጎማ ነው። ኮረኮንች የሚበዛበት ሰው ደግሞ ቦዩ ጠለቅ፣ ጥርሱ ተለቅ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አብቅቷል። ለማነጻጸር ያህል በእንግሊዝ ሕግ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1 ሚሊሜትር ነው።

5. የመያዝ ልዩነት በቁጥር ሲታይ

በፊዚክስ የተማርነውን የሰበቃ ቀመር እናስታውስ። የማቆሚያ ርቀት ማለት ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ፣ ለሁለት ጊዜ የሰበቃ መጠን ሲባዛ በመሬት ስበት ሲካፈል ነው። ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት 0.8 የሰበቃ መጠን አለው እንበል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር ፍሬን ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በ18 ሜትር ገደማ ይቆማል። የሰበቃው መጠን 0.4 ቢሆን፣ ማለትም መንገዱ ረጥቦ ጎማውም ደርቆ ከሆነ፣ 35 ሜትር ይፈጃል። በመካከሉ ያለው 17 ሜትር ከአንድ ትልቅ የከተማ አውቶብስ ቁመት ይበልጣል። ያ 17 ሜትር ውስጥ ዜብራ የሚያቋርጥ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ኩርባም እንደዚሁ ነው። ሬዲየሱ 40 ሜትር የሆነ ኩርባ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመዞር 0.49 የሰበቃ መጠን ያስፈልጋል፤ ሞተሩም 26 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል። 0.8 ላለው ጎማ ይህ ቀላል ነው፤ ትርፍ አለው። 0.4 ላለው ግን ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ አይቻልም። በ45 እና በ50 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አያየውም፤ የፍጥነት መለኪያው መርፌም እምብዛም አይንቀሳቀስም። ጎማው ግን ያውቀዋል።

በእኛ አገር ይህ ልዩነት የሚታየው በተለይ ከበጋው ወር በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ነው። ወራት ሙሉ ከተሽከርካሪ የሚንጠባጠበው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተላቁጦ እንደ ሳሙና ይሆናል። በብዙ ጎማ የተወለወለ ኮብልስቶንና የዜብራው ነጭ ቀለም ደግሞ ሲረጥቡ የባሱ ናቸው። ጎማ መቀየር ያለበት ሰው ዝናቡ ሳይገባ ቢቀይር ይመረጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ?

6. ጎማው መቼ ተሠራ? የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

አሁን ወደዚያች አሳሳች ቁጥር እንምጣ። በጎማው ጎን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ማለት ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ግን ይህ 2019 የአውሮፓውያን ነው! በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. ማለት ነው።

ቅድም ወዳነሣሁት ሱቅ እንመለስ። ወንድሜ ወፍራሙን ትቶ 110/80-17 ጠየቀ። ሻጩ አወጣለት፤ መጠኑም የጭነት መለያውም ልክ ነበር፤ ጥርሱም ያልተነካ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ። «አዲስ ነው፤ ይኸው የ2015 ነው» ብሎ 2715 የሚለውን አሳየን። ወንድሜ በጣቱ ቆጠረና «ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምንም አይልም» አለኝ። እውነቱ ግን 27ኛው ሳምንት እ.ኤ.አ. 2015 ነው፤ በእኛ ሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይውላል። ጎማው አስር ዓመት ሊደፍን አንድ ወር ነበር የቀረው። ሻጩ አታሎናል አልልም፤ እሱም እንደ እኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብቦት ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግረው ቁጥሩን ደግሞ ደጋግሞ አየውና ዝም አለ። ወንድሜ ጎማውን መልሶ ሰጠው፤ ሌላ ሱቅ ሄደን ቁጥሩ 3824 የሆነ አገኘን። መስከረም 2017 ዓ.ም. የተሠራ ነው።

ለመሆኑ ያልተነዳ ጎማ ለምን ያረጃል? ላስቲክ ከኦክስጅን፣ ከኦዞንና ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይደርቃል። የሚያለሰልሱት ዘይቶችም ከውስጡ ይወጣሉ። ጥርሱ እንዳለ ሆኖ ላስቲኩ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፤ በጎኑም ደቃቅ ስንጥቆች ይታያሉ። በጥፍር ጫን ሲሉት ትኩሱ ጎማ እሺ ይላል፤ የደረቀው አይበገርም። ሚሽሊን የተባለው ፋብሪካ ለምሳሌ ጎማ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲቀየር ይመክራል።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች አንብቡ፤ 7 ወይም 8 ቀንሱ፤ ያ ነው የእኛ ዓመት። ከመስከረም በፊት የተሠራ ከሆነ 8፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 7 ይቀነሳል። 37ኛው ሳምንት አካባቢ የእኛ እንቁጣጣሽ ነው ብላችሁ ያዙት።

7. ከመነዳሪ ያለው ወይስ የሌለው?

ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ንፋሱ በአንዴ ይወጣል። ከመነዳሪ የሌለው ግን ላስቲኩ ሚስማሩን ጨብጦ ስለሚይዘው ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው፤ ነጂው ሞተሩ ሲከብደው ተሰምቶት ዳር ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ጥገናውም ጎማው ሳይወልቅ በላስቲክ ክር ተሰክቶ ሊሠራ ይችላል። በፍጥነት ለሚሄድ ሞተር የተሻለው ይህ ነው። ነገር ግን ቸርኬው ለዚሁ የተሠራ መሆን አለበት። በሽቦ የተወጠረ ቸርኬ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ንፋስ ስለሚያስወጣ በአብዛኛው ከመነዳሪ ይፈልጋል። ቸርኬው ድፍን ከሆነም በላዩ ላይ የተጻፈውን ማየትና አምራቹ የፈቀደው መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

8. ንፋሱ፣ ደጋውና ቆላው

ምርጥ ጎማ ንፋሱ ካልተስተካከለ ምርጥ አይደለም። ሲያንስ ጎኑ እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ ሞተሩም መሪው ይከብዳል። ሲበዛ የሚነካው ቦታ ያንሳል፤ መካከሉም ይበላል። ትክክለኛው መጠን የሚገኘው በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈው ምልክት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ከፍተኛው የጭነትና የግፊት ወሰን ነው እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም።

አገራችን ተራራማ ስለሆነች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥተን አባይ በረሃ ስንወርድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ እንወርዳለን። ከታች የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር የጎማ መለኪያው ብቻውን ሲታይ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል የበረሃው ሙቀትና የፍሬኑ ግለት በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ያሰፋዋል፤ የቀነሰውንም ይመልሰዋል። ስለዚህ ወርዶ ትኩስ ጎማ መለካትና ማስተንፈስ ትክክል አይደለም። በቆላ ትኩሱን ጎማ 30 ላይ አስተካክሎ ማታ ደጋ የገባ ሰው ጠዋት ሲለካው 27 አካባቢ ሊያገኘው ይችላል። ሁልጊዜ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው።

9. ጎሚስታ ቤት ስንሄድ

ጎማው ተገዝቶ ሲገጠም ጥቂት ነገሮች ዓይናችሁን ይፈልጋሉ። በጎኑ ያለው ቀስት ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ማሳየት አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ቦዮቹ ውኃውን በተሠሩበት አቅጣጫ አያስወጡም። የፊት ጎማ ለኋላ፣ የኋላው ለፊት አይሆንም። በጎኑ ቢጫ ነጥብ ካለ ያ የጎማው ቀላሉ ቦታ ስለሆነ ከንፋስ መሙያው አፍ ትይዩ ይደረጋል። ከመነዳሪ የሌለው ከሆነ የንፋስ መሙያው አፍ አብሮ ቢቀየር ጥሩ ነው። ቸርኬው በመዶሻ እንዳይጎዳ መከታተልም የባለቤቱ ሥራ ነው።

በመጨረሻም አዲስ ጎማ ላዩ ገና ለስላሳና አንሸራታች ነው። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ፣ ብዙ ሳይጋደሙ፣ ድንገት ፍሬን ሳይዙ መንዳት ያስፈልጋል። ጎማ ቀይሮ ወዲያው ኩርባ ላይ መሞከር የሚወድ ልጅ ካለ ይህን ንገሩት።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለስፖርት ሞተር ጎማ ስንመርጥ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አምራቹ የወሰነውን መጠን፣ የጭነትና የፍጥነት መለያ እንያዝ። ቀጥሎ የምንሄድበትን መንገድና የምንጭነውን ሰው እናስብ። ከዚያ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በእኛ አቆጣጠር ቀይረን እናንብብ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስለ ዋጋና ስለ ውበት የሚወራው። በትምህርት ክፍላችን ስንመረቅ ብዙዎቻችን ጋራዥ ወይም መለዋወጫ ሱቅ እንገባለን። ያን ጊዜ ባንኮኒው ኋላ የምንቆመው እኛ ነን፤ «የ2015 ነው» ብሎ የሚያሳየውም፣ የሚያርመውም ከእኛው አንዱ ይሆናል።

ለዛሬው ይብቃን። ቢያንስ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ግቢው ውስጥ የቆመ የጓደኛውን ሞተር ጎንበስ ብሎ አራቱን አሃዞች ቢያነብለት ደስታዬ ነው። ቸር ይግጠመን።